የማሙሽ ቤት ለገዢ ሲሰናዳ

መሐል ሜዳ፣ ጥር 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰርካለም፣

ጤናሽን ልጠይቅ ነበር፤ ግን መልስሽን አውቀዋለሁ፣ «ደህና ነን» ብለሽ ታልፊኛለሽ። ስለዚህ የእኔን ልንገርሽ። ጉልበቴን ትቼ ደህና ነኝ። ብርዱ ግን ዘንድሮ ለጉድ ነው። ስልኩ ከተዘጋ ወዲህ ድምፃችሁን ስላልሰማሁ ልቤ እንደተንጠለጠለ ነው። ሹፌሩ ቅጣው መንገድ በተከፈተለት ቁጥር ደብዳቤሽን ሳይጥል ያደርስልኛል፣ ዕድሜ ይስጠው።

የወንድምሽን የማሙሽን ቤት ገዢ ለምን ሸሸ ብለሽ ጠይቀሻል። እሱስ አልሸሸም፣ የሸሸችው ሚስቱ ናት። ሰውየው ኃይለመስቀል ይባላል፣ የዘመሮ በግ ነጋዴ ነው፤ ልጆቹን እዚህ ከተማ ሊያስተምር ቤት ይፈልጋል። ግቢውን ዞሮ አይቶ ወደደው። ቆርቆሮውን ቀና ብሎ አይቶ ወደደው። ሚስቱ ጠጄ ግን ከበሩ ላይ አንገቷን አስግጋ አንዴ አሸተተችና፣ «ውይ! ይሄማ ኦና ነው» አለች። በቃ፣ እግሬ አውጪኝ።

ኦና ከተባለ በኋላ ማን ይገዛዋል? ሰው የራቀውን ቤት ሌላ ነገር ይገባበታል ይላሉ። እኔም ስንት ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቼ፣ እውነቴን ልንገርሽ፣ መሸት ሲል ብቻዬን አልገባበትም። ማሙሽ ታሞ ከሄደ ጀምሮ እሳት አልነደደበትም። ድምፅሽ ራሱ ተመልሶ ይመጣብሻል።

ግን መሸጥ አለበት። ወንድምሽ ደሙን በማሽን እያሳጠበ እስከ መቼ ይቆያል? አንቺ ኩላሊትሽን ልስጠው ብለሻል፤ ሕንድ ለመሄድ ደግሞ ከዚህ ቤት በቀር የሚሸጥ ነገር የለንም። እናታችሁ፣ እህቴ ብትኖር ኖሮ ምን ታደርግ እንደነበር እያሰብኩ እጨነቃለሁ። ማሙሽ ይበላል? እግሩ አብጧል ያልሽው ጎደለ?

አንቺ አዲስ አበባ የሰው አፓርታማ ለገዢ እያሳመርሽ ነው የምትኖሪው። እስቲ ለወንድምሽ ቤት የሚሆን ምክር ካለሽ ላኪልኝ።

አክስትሽ ጥሩሸዋ


አዲስ አበባ፣ ጥር 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ጥሩሸዋ፣

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሰዎ። ጽሑፌ ከተንጋደደ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን ጠረጴዛ አድርጌ ነው የምጽፈው። ማሙሽ ይበላል ወይ ላሉኝ፣ ይበላል። ስለ እግሩ ሌላ ቀን እጽፍልዎታለሁ።

አሁን የቤቱን ነገር። እኛ መሥሪያ ቤት አንድ ሞዴል ቤት አለ፣ የማሳምረው እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ባዶ ክፍል ሰፊ ይመስለዋል፤ እትዬ፣ ባዶ ክፍል ለዓይን ይጠባል። ገዢ ባዶ ቤት ሲገባ የሚያየው የግድግዳውን ስንጥቅና የጣሪያውን መዝመም ነው፣ ሌላ የሚያየው የለውማ። አልጋ ሲዘረጋበት ግን «ልጆቹ እዚህ ይተኛሉ» ብሎ በልቡ መኖር ይጀምራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ሥራ ይኑረው። አንዱ መኝታ፣ አንዱ ማጥኛ፣ ሳሎኑ እንግዳ መቀበያ። ዕቃ ከየትም ይዋሱ፣ ለአንድ ቀን ነው። መጋረጃው ነጭ ይሁን፣ አንሶላውም ነጭ፣ ግድግዳውንም ኖራ ያስቀቡልኝ፤ ብርሃን ያበዛል። ሽታም ትልቅ ነገር ነው። እኛ እዚህ ዳቦ እናስጋግራለን፣ እርስዎ የሚሆነውን ያውቃሉ።

ከሁሉ በላይ ፎቶዎቹን ያውርዱ። በተለይ የማሙሽን የምረቃ ፎቶ። ገዢ የሌላ ሰው ፊት ግድግዳ ላይ ካየ የሰው ቤት ውስጥ የገባ ይመስለዋል። የራሱን ልጆች እዚያ ላይ በሐሳቡ መስቀል አለበት።

ገዢውን እንደምንም ብለው ይመልሱልኝ። ቸኩያለሁ፣ እትዬ። ቸኩያለሁ ስል በእውነት ነው።

ሰርካለም


መሐል ሜዳ፣ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰርካለም፣

ስለ እግሩ ሌላ ቀን ያልሽው ቀን ገና አልደረሰም? እሺ፣ አልነዘንዝሽም።

ቤቱን ብታዪው አታውቂውም! ነጭ ነጭ ያልሽውን ግን ሁሉንም አልሰማሁሽም፣ ይቅርታ። ግድግዳውን ኖራ አስቀብቻለሁ። ሌላው ሁሉ ነጭ ቢሆን ግን በዚህ ብርድ ሰው ገና ሲገባ ጥርሱን ያንገጫግጫል። አልጋውን ከጎረቤት ተውሼ ጥቁር የሱፍ ባና አለበስኩት። መሬቱ ላይ የበግ አጎዛ ዘረጋሁ። ማጥኛ ያልሽው ክፍል ውስጥ የራሴን ጠረጴዛና የተማሪ ደብተሮች አስቀመጥኩ። ለሽታው ደግሞ ጠጄ ከበሩ ስትደርስ ገብስ ቆሎ እቆላለሁ፤ የቆሎ ሽታ ያለበትን ቤት ኦና ትበል እስቲ!

የቸገረኝ ሳሎኑ ነበር። ሶፋ ከየት አባቴ ላምጣ? በኋላ የእድራችን አግዳሚዎች ትዝ አሉኝ። ዕቃ ግምጃ ቤቱን የሚይዘው ሰውዬ መርስዔ ኃዘን እቤት አልነበረም፤ ሚስቱን «ለማሙሽ ቤት ነው» ብቻ ብያት ምንም ሳትጠይቀኝ ከፈተችልኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፣ ደግ ሴት ናት። ሸክም የሚሆኑ ልጆችም ራሷ ጠርታ ሰጠችኝ። እንዲያውም ትልልቆቹን ድስቶችና ትሪዎች ጨምራ ላከችልኝ፣ አልጠየቅኳትም ነበር።

ፎቶውንም አወረድኩ። የምረቃ ፎቶውን ደረቴ ላይ ታቅፌ ወደ ቤቴ ስወስደው አለቀስኩ፣ ምን ላድርግ። መንገድ ላይ ያገኘኝ ወንድ ሁሉ ባርኔጣውን እያወለቀ አሳለፈኝ። የዚህ ከተማ ሰው ጨዋነቱ አልጠፋም።

ኃይለመስቀል ነገ ቅዳሜ ሚስቱን ይዞ ይመጣል። ለምኜ፣ አስለምኜ ነው እሺ ያሰኘሁት። ጸልዪልኝ።

አክስትሽ ጥሩሸዋ


መሐል ሜዳ፣ ጥር 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሰርካለም፣

ሰላምታ አልጽፍም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ማሙሽ በሕይወት አለ?

የአርቡም ደብዳቤ አልወጣም፣ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ቅጣው ሁለቱንም ይዞ እንደደረሰ እዚያው መልስ እንዲቀበልሽ እግሩ ላይ ወድቄ ለምኜዋለሁ።

የሆነውን ልንገርሽ። ቅዳሜ ጠዋት ቆሎውን እሳት ላይ ጥጄ ገዢዎቹን ስጠብቅ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። መርስዔ ኃዘን ከፊት፣ የእድሩ ሰዎች ከኋላ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ «ማሙሽዬ! ወንድሜ! ወንድሜን!» እያሉ ገቡ። እኔ ምን ላስብ? ስልክ የለም። ከአንቺ ደብዳቤ ካየሁ ከርሟል። አንድ መንገደኛ ወሬውን አድርሷቸው ሊያረዱኝ የመጡ መሰለኝ። መርዶ የሚነገረው እኮ እንዲህ ነው፣ በማለዳ፣ ሰብሰብ ተብሎ። ጮህኩ። እነሱ ደግሞ እኔ ስጮህ ጊዜ የጠረጠሩት እውነት መሆኑን አረጋገጡና ባሰባቸው። ከዚያማ ከተማው ሁሉ መጣ። አግዳሚው ላይ ተደረደሩ፤ የራሳቸው አግዳሚ ነው፣ አቀማመጡን ያውቁበታል።

ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ መርስዔ ኃዘን ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ፣ አስከሬኑ መቼ ይገባል?» አለኝ።

«እኔ በምን አውቃለሁ? ያረዳችሁኝ እናንተ!» አልኩት።

«እኛማ እርስዎ አግዳሚ ሲያስወጡ፣ ፎቶውን ታቅፈው እያለቀሱ ሲሄዱ አይተን ነው» አለ።

ሞቷል የሚል የለም። አልሞተም የሚልም የለም። ማልቀሱም መተዉም አስፈራን። አንዳንዶቹ ተነስተው ሄዱ፣ አንዳንዶቹ እስካሁን እየመጡ ዝም ብለው አጠገቤ ይቀመጣሉ።

ገዢዎቹ በለቅሶው መሀል ደርሰው ነበር። ጠጄ ገብታ አጎዛው ላይ ተቀመጠችና አብራን አለቀሰች። በነጋታው ኃይለመስቀል ሽማግሌ ላከ። ቤቱን በጠራነው ዋጋ እወስዳለሁ፣ ሐዘን ላይ ካለ ሰው ጋር አልከራከርም ብሏል። ጠጄም «ይህን ያህል ሰው የሚገባበት ቤት እንዴት ኦና ይባላል፣ እኔ ነኝ አፌን ያበላሸሁት» ብላለች አሉ።

እንግዲህ ገዢ ተገኘ። ደስ ይበለኝ? ሞቶ ከሆነ ምን ሊያደርግልኝ ነው የምሸጠው? በሕይወት ካለም በቁሙ አልቅሼበታለሁ፣ አሟርቼበታለሁ። የደበቅሽኝ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ልመናዬ ነው፣ አሁን አትደብቂኝ።

ጥሩሸዋ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ፣

አለ! አለልዎ! ማሙሽ በሕይወት አለ። ይህን እያነበቡ ቁጭ ይበሉና አየር ይውሰዱ።

ደብዳቤዎቹ አንድ ላይ ደረሱኝ። ሁለተኛውን ልደብቀው ነበር፣ እሱ ግን ፊቴን አይቶ «ጮክ ብለሽ አንብቢው» አለኝ። መርስዔ ኃዘን አስከሬኑ መቼ ይገባል ያለው ላይ ስደርስ ሳቀ። ነርሷ እስክትቆጣን ድረስ ሳቀ፣ እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው። ከዚያ ወዲህ «ማን ማን መጣ? ምን እያሉ አለቀሱ?» እያለ መተንፈሻ አሳጥቶኛል። እባክዎ ይጻፉለት፣ ሌላ የሚያጓጓው ነገር የለም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ፎቶ ያውርዱ ስል ወደ የት አገር እንደምጽፍ ረስቼው ነው። ያንን ቀን ያሳለፉት በእኔ ብልጠት ነውና እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።

ሐኪሞቹ ምን አሉ ቢሉኝ፣ ሐኪሞች ብዙ ይላሉ። እኔ የምሰማው የሚጠቅመኝን ነው።

አንድ ልመና አለኝ፣ አይቆጡኝ። ማሙሽ በሕይወት መኖሩን ለኃይለመስቀል አይንገሩት። ውሉ እስኪፈረም ብቻ። ሐዘን ነው ብሎ ካልተከራከረ፣ ሐዘን እንደሌለ ሲያውቅ ሊከራከር ወይም ሊተወው ይችላል፣ እኛ ደግሞ ሌላ ገዢ የምንጠብቅበት ጊዜ የለንም። ማሙሽ «ንገሩት» ብሏል፣ እሱን አይስሙት። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን። የማሙሽን ውክልና አስፈርሜ በቅጣው እልክልዎታለሁ።

ሰርካለም


መሐል ሜዳ፣ የካቲት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰርካለም፣

ተመስገን! አንብቤው ሳልጨርስ መንገድ ላይ ወጥቼ «አለ!» ብዬ ጮህኩ። መርስዔ ኃዘን ያረጀ ሰውዬ በሩጫ መጥቶ አቀፈኝ።

ልመናሽን ግን ስታስቢው ምን ሆነሽ ነው? የሞተ ሰው ውክልና ይሰጣል እንዴ? ኃይለመስቀል ወረቀቱን ሲያይ ማን ፈረመው ሊለኝ ነው? ከመቃብር ተላከ ልበለው? ጭንቀት ልብሽን አጥፍቶታል፣ ልጄ። እንቅልፍ እንደሌለሽ ያወቅሁት ከዚህ ነው። የውክልናው ነገር ባይኖርም ዋሽቼ አልሸጥም ነበር፣ ዘመሮ ድረስ ሄጄ ነገርኳቸው። ጠጄ እልል አለች። ኃይለመስቀል ደስ ቢለውም ወዲያው ነጋዴነቱ መጣበት፣ ስለ ዋጋው አፉን ሲያሟሽ አየሁት። ጠጄ በክርኗ ጎኑን ወጋችውና፣ «እኔ ያፈሰስኩትን እንባ መልሼ አልጠጣውም፣ አንተም ቃልህን አትመልስ» አለችው። ውክልናው እንደደረሰ ይፈረማል። ቶሎ ላኪው።

ይህን ደግሞ ለማሙሽ አንብቢለት።

ማሙሽዬ፣ ሰው ሁሉ መጥቶልህ ነበር። መርስዔ ኃዘን «ልጄን ፊደል ያስቆጠርክ» እያለ ደረቱን ደቃ። ተማሪዎችህ ግቢውን ሞልተው ቆመው ነበር፣ ቁጭ በሉ ብላቸው እምቢ አሉ። በአጥር የተጣላችሁት ጎረቤትህ ከሁሉ በላይ ጮኸ፤ «አጥሩን ውሰደው፣ ያውልህ ውሰደው!» ሲል ሰው ይዞ አስቀመጠው። አሁን በሕይወት መኖርህን ሰምቶ ስለ አጥሩ ምንም አልተናገረም፣ እኔ ግን ምስክር ቆጥሬያለሁ። አብራህ ስታስተምር የነበረችው ጽዮንም መጥታ ነበር። ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ለቅሶው ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ተነስታ ማንም ሳያዛት ያን ሁሉ የእድር ዕቃ ብቻዋን አጠበች።

አክስታችሁ ጥሩሸዋ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ፣

አልፈረመም። ወረቀቱን ሰጠሁት፣ ብዕሩን ሰጠሁት፣ አልፈርምም አለ። ተቆጣሁት፣ ለመንኩት። የጻፈልዎትን አብሬ ልኬያለሁ፣ አላነበብኩትም፣ ምን እንደሚል ግን አውቃለሁ። እንዳያምኑት። ሌላ ሐኪም አለ ብለውኛል፣ ሌሎቹ አይቻልም ያሉትን የሚሞክር። እርስዎን ይሰማል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚሰማው እርስዎን ብቻ ነው። ፈርም ይበሉት። አንዲት መስመር ይጻፉለት። እኔ ከዚህ በላይ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ሰርካለም

*

እትዬ፣

እኔ ማሙሽ ነኝ። እጄ ስለሚደክም አሳጥራለሁ።

ሐኪሙ ለሁለታችንም የነገረን ከጥምቀት በፊት ነው። ልቤ ደክሟል። ቀዶ ጥገናውን አይችለውም፣ የትም አገር ቢሆን። ሰርካለም ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ትንሽ እፎይ የምትለው ስለ መጋረጃና ስለ አልጋ ስትጽፍልዎት ብቻ ነበር፣ ስለዚህ ዝም አልኩ። ቤቴ ሲሞቅ፣ ሰው ሲገባበት መስማት ለእኔም ደስ አለኝ። ፈርም ስትለኝ ግን አቃተኝ። ከዚህ ወጥቼ የምገባበት ቤት ያ ብቻ ነው።

እዚያ ማሽኑ እንደሌለ አውቃለሁ። ምን ማለት እንደሆነም አውቃለሁ። እንድትደብቁኝ አልፈልግም። መፍራቱን እፈራለሁ። እዚህም እፈራለሁ፤ ግን እዚህ ስፈራ ከሰርካለም በቀር የማውቀው ሰው የለም። ያለቀሱልኝን ሰዎች ለጥቂት ቀን ልያቸው። ከዚያ ቢያለቅሱ አይጸጸቱም።

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ብዙ አደከምኳችሁ።

ልጅዎ ማሙሽ


መሐል ሜዳ፣ የካቲት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰርካለም፣

አዎ፣ እኔን ይሰማል። የፈራሁትም ለዚህ ነው። ፈርም ብዬ ጻፍኩለትና ቀደድኩት። ና ብዬ ጻፍኩለትና እሱንም ቀደድኩት። ቤቱ ሄጄ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። እግዚአብሔርን ተጣላሁት፤ አስተማሪ ነበርኩ፣ ልክ ያልሆነ ነገር ሳይ ዝም ማለት አልችልም።

ኃይለመስቀልን አሰናበትኩት። ከፍቶታል፣ ግን ክፉ ቃል አልተናገረም። ጠጄ የሱፍ ፍራሽ በአህያ ጭና ልካልኛለች፣ የታመመ ሰው መሬት እንዳይቆረቁረው ብላ። ቅጣው የኋላ ወንበሮቹን ነቅሎ ፍራሽ አነጥፋለሁ፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው ብሎኛል። መንገዱ እስከ ሐሙስ ክፍት ነው ይላሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚያውቅ የለም።

አሁን ለአንቺ ልናገር። ካንቺ የተሻለ እህት አልነበረውም፣ አይኖረውምም። ሌላ ሐኪም ብትፈልጊ፣ ሌላ አገር ብትፈልጊ ማንም አይፈርድብሽም። እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን ወረቀቱን ይዤ እጁን ጠምዝዤ አስፈርመው ነበር። ግን ልጁን ስሚው። እሱ ያንቺን መጋረጃ ስንት ጊዜ ሰማልሽ።

ኩላሊትሽን ልትሰጪው ተዘጋጅተሽ ነበር። እኔ ከዚያ የሚብስ ነው የምጠይቅሽ፣ ይቅር በይኝ። ይዘሽልኝ ነይ።

አክስትሽ ጥሩሸዋ